የመስኮቱ ቦታ

በሕይወቴ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ። ከወሰድኩት በላይ ደግሞ ሰጥቻለሁ። ከሰጠሁት ሁሉ ሰው በርግጥ የተጠቀመበት ምሳው ብቻ ይመስለኛል። መሥሪያ ቤታችን አዲስ የአመራር ዘዴ በመጣለት ቁጥር ቀድሞ የሚያምነው እኔ ነበርኩ። መዋቅሩ ከሥሩ ይነቀል ሲሉ ነቀልኩ። ካይዘን ሲሉ ጠረጴዛዬን አጸዳሁና የምፈልገውን ሰነድ ለሦስት ወር አጣሁት። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው "ጋሼ፣ አሁንስ ይረፉ" አሉኝ። ማለት የፈለጉት "አሁንስ ያሳርፉን" እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

አላረፍኩም። ጂማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን ስገመግም ከረምኩና፣ አንድ ቡና ላኪ ድርጅት አጋሮ ላለው መጋዘኑ አማካሪ እንደሚፈልግ ሰማሁ። ውጭ አገር ያሉት ገዢዎች ቡናው ጥሩ መሆኑ ብቻ አልበቃቸውም፤ መጋዘን ውስጥ መልካሙን ፍሬ ከብልሹው የሚለዩት ሴቶች በደንብ መያዛቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጋሉ። ወረቀት ደግሞ ሙያዬ ነው።

ሚስቴ ስትሰማ፣ "እቤቱ አንዲት ሰው ማስተዳደር ያቃተው ሰውዬ አጋሮ ድረስ ሄዶ ሊያስተዳድር?" አለች።

"ማስተዳደር አይደለም። ሰውን ማዕከል ያደረገ አመራር ነው። ይኼ ሌላ ነው።"

"እሺ ማዕከሉ፣ ስትመለስ ሽንኩርት ይዘህ ና።"

መጋዘኑ ከገበያው ወረድ ብሎ የቆመ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ውስጡ ሃያ ምናምን ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው የቡና ክምር፣ ጭናቸው ላይ ሰፌድ። ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ይለቅማሉ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው አያርፍም። ወሬው በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል፣ ወይም ይገለበጣል፤ ሳቁ የሁለቱም ነው። እኔ ስገባ ሳቁ ትንሽ ጨመረ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መስኮት ያለው በአንዱ ግድግዳ ላይ ብቻ ነበር፤ ሌላው ጎን በቀትርም ደብዛዛ ነው።

መካከለኛው መስኮት ሥር ሁሉም አዴ የሚሏት ሴት ትቀመጥ ነበር። አዴ የአክብሮት ጥሪ ነው፤ እኔም እንደነሱ አዴ አልኳት። ወደ ስድሳ ትጠጋለች፣ ባሏ ሞቷል፣ የልጅ ልጆቿን የምታሳድገው በዚሁ ለቀማ ነው። አንዱ ዓይኗ ላይ ሞራ ጀምሯታል። ግን ያ መስኮት ሥር ሆና እጇ ክምሩ ላይ ሲሮጥ ላየ፣ ጥቁሩ ፍሬ ራሱ ተነስቶ ጣቷ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት የአዳራሹን ንድፍ ሣልኩ። ቀይ እስክሪብቶ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ። ንድፉን ሳየው ገረመኝ፦ መስኮት ሥር የሚቀመጡት ሁልጊዜ እነዚያው አሮጊቶች ናቸው። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩት። ጂማ የተማረ፣ ሠላሳ አምስት ያልሞላው፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው።

"ያው ኔትወርክ ነዋ ጋሼ። አሮጊቶቹ ቦታውን ተቆጣጥረውታል" አለኝ።

እኔም "ፍትሐዊ ያልሆነ የቦታ ድልድል" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ወለሉ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር አስጻፍኩ። ሁሉም በየሰኞው አንድ ቁጥር ወደፊት ይሄዳል፤ መስኮቱም፣ ጨለማውም ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ሴቶቹን አልጠየቅኩም። የሥልጠናው ሰነድ ላይ "በቅድሚያ የሚመለከተውን ሰው ጠይቅ" የሚል ገጽ አለ። ገጹን ያባዛሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ሰኞ መጣ። ሴቶቹ ዝም ብለው ቁጥራቸውን ፈልገው ተቀመጡ። አዴ የደረሳት ከጨለማው ግድግዳ ጥግ ነበር። ሰፌዷን ታቅፋ ሄደች። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ሳቅ አልሰማሁም፤ እኔ ግን ዝምታውን ሥነ ሥርዓት ነው ብዬ በማስታወሻዬ አሰፈርኩት።

በሦስተኛው ሳምንት የተለቀመ ቡና ለቁጥጥር ወጥቶ ጥቁር ፍሬ ተገኘበትና ተመለሰ። ያ መጋዘን እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም ነበር። ሥራ አስኪያጁ ልጅ ግንባሩን ይዞ በአዳራሹ ሲመላለስ አየሁት። ምሳ ሰዓት ላይ አዴን ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር አገኘኋትና ምን እንደተፈጠረ ጠየቅኳት።

"ማሎ ጋሼ" አለች፣ ማሎ የጂማ ሰው ሲለምንም ሲታክተውም የሚላት ቃል ናት፣ "እዚህ ቤት ቦታ የያዘ ሰው የለም። ዓይኗ የደከመ ወደ መስኮት ትመጣለች። ዓይን ያላት ጨለማው ጋ ትሄዳለች። የወለደች በሩ አጠገብ ትሆናለች፣ ልጇን እንድታይ። እኔም ልጅ ሳለሁ አሥራ አምስት ዓመት ጨለማው ጋ ተቀምጫለሁ። አሁን ደግሞ ተራው የኔ ነው። እኔ ስሄድ የሌላዋ ይሆናል።"

"ታዲያ ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርሽኝም?"

"ጠየቁኝ እንዴ?"

ያን ጊዜ ወለሉን ቤንዚን አስመጥቼ ማስፋቅ ነበረብኝ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን ሪፖርቱ ሄዷል፣ የቁጥሮቹም ፎቶ ተልኳል፤ ገዢዎቹም ወደውታል። የላኩትን ሪፖርት ሳምንት ሳይሞላው ማፍረስ አርባ ዓመት የለበስኩት ሱፍ አልፈቀደልኝም። ስለዚህ በእኛ መሥሪያ ቤት የተለመደውን መንገድ መረጥኩ። የሠራተኞች አስተያየት ይሰብሰብ አልኩ። ጥያቄው ከእነሱ ከመጣ እኔ አልተሳሳትኩም ማለት ነው፤ አዳመጥኩ ማለት ነው።

አዴ ይህን ስትሰማ አልወደደችውም።

"አይጻፉት ጋሼ። ገብተው ለልጁ በአፍዎ ይንገሩት። ወይ እኛ እንግባ፣ እሱ ይቀመጥ፣ እርስዎ መሃል ይሁኑ። ጠዋት ተነጋግረን ለምሳ ያልቃል። እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የኖርነው።"

"በአፍ የተባለ ነገር ነገ ይካዳል አዴ። ይጻፍ፣ ይፈረም፣ ማስረጃ ይሁናችሁ።"

"ማን ላይ ነው ማስረጃው?"

ሳቅኩባት። አሁን ሳስታውሰው የዚያን ዕለት ከተናገርኩት ሁሉ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ያ ሳቄ ነው።

ሁሉንም አንድ በአንድ ሰማኋቸው። ያሉት ነገር አንድ ነው፦ የመስኮቱ ቦታ ለደካማ ዓይን ይመለስ። እኔ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍ ስባል ገጽ የምሞላ ሰው ነኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የለቀማው ሥራ ለዓይንና ለወገብ ሕመም የሚዳርግ በመሆኑ፣ ድርጅቱ የሠራተኛውን ጤና ማዕከል ያደረገ ዘላቂ መፍትሔ እንዲያበጅልን በአክብሮት እንጠይቃለን።" አንብቤ ሳበቃ በራሴ ተደሰትኩ። በተለይ በአክብሮት የምትለዋን ወደድኳት።

አዴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰምታ ስትጨርስ፣ "መስኮት የሚለው የቱ ጋ ነው?" አለች።

"እሱ ዝርዝር ነው። ዘላቂ መፍትሔ ካልን መስኮቱም በዚያ ውስጥ ይጠቃለላል።"

"እሺ፣ እርስዎ ካሉ" አለችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫነች። ከሷ ቀጥሎ ሁሉም አሻራቸውን አኖሩ። ወረቀቱን ወይን ጠጅ ጣቶች ሞሉት። በመጨረሻ በሥሩ እኔ "አዘጋጅ" ብዬ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ ከአሻራቸው ሁሉ ሰፋ ያለ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ትልቅ የእንጨት ሣጥን በመኪና መጣ። ልጁ ፊቱ እየበራ ጠራኝ። "ጋሼ፣ መፍትሔው መጣ!" እኔ አምፖል መስሎኝ ነበር። ሲከፈት ቡናን በካሜራ እያየ በቀለም የሚለይ ማሽን ነው። ጥቁሩን ፍሬ በአየር ተፍ እያለ ያወጣዋል። ማሽኑን የሚተክለው ባለሙያ አቧራና ፀሐይ እንዳይገባበት ብሎ ሦስቱንም መስኮቶች በጣውላ አስመታቸው። ምስማሩ ሲመታ አዴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቆጥሬ ባላውቅም ረጅም ጊዜ ቆማለች።

ከረጢት የሚይዙ አራት ወጣት ሴቶች ቀሩ። ሌሎቹ፣ አዴም ጭምር፣ ተሰናበቱ።

ልጁ ቢሮ ገባሁ። ሳልቀመጥ ጀመርኩት።

"ሴቶቹን ምን አደረግህ?"

"ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሥራው ዓይናችንን፣ ወገባችንን ጎዳን አሉ። ሰማን። ከጉዳቱ አወጣናቸው።"

"እነሱ ያሉት የመስኮቱን ቦታ መልሱልን ነው!"

መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። በፕላስቲክ አስለብሶታል። "እስቲ ያሳዩኝ ጋሼ። መስኮት የሚል ካለ ማሽኑን ነገ አስነሳዋለሁ።" የሚያሾፍ እንዳይመስላችሁ፤ ከልቡ ነበር። መነጽሬን አድርጌ የራሴን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። በጣም ጥሩ ጽሑፍ ነው።

"ቢያንስ ማሽኑ የለየውን ሴቶቹ አንድ ጊዜ በእጅ ያጥሩት" ብዬ ለመንኩት።

"ማሽኑ ከነሱ የተሻለ ያያል ጋሼ። ደግሞ እንግዶች ሊመጡ ነው። ምርጥ ተሞክሮ ተብለን ተመርጠናል። እርስዎም ትንሽ ንግግር ያደርጋሉ።"

አላደርግም አልኩ። የምርጥ ተሞክሮውን የምስክር ወረቀት ግን በሰው ልኮልኛል። ሚስቴ የቁም ሣጥኑን እግር ልትደግፍበት ፈልጋ ወፍራም አይደለም ብላ ተወችው።

ጂማ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ሰው በፊት በኔ ሥር የነበረ ነው፤ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ድርጅቱ የላከውን የሴቶቹን ፋይል አወጣ። "በሠራተኞች ጥያቄ መሠረት የተፈታ" ተብሎ ተዘግቷል።

"ክፈተውና መፍትሔው ጎዳን ብለው እንዲያመለክቱ አድርግ" አልኩት።

ቅጹን አዙሮ አሳየኝ። "ጋሼ፣ ችግር የሚል ዓምድ አለ፣ መፍትሔ የሚል ዓምድ አለ። መፍትሔው ራሱ ችግር ሲሆን የሚሞላበት ዓምድ የለም። ቅጹ እኮ የእርስዎ ነው።"

እውነቱን ነው። ቅጹን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያኔ እንዲያውም ዓምድ አበዛህ ተብዬ ሁለቱን ቀንሻለሁ፤ የትኞቹን እንደቀነስኩ ግን አላስታውስም።

ከዚያም አዲስ ማመልከቻ ጻፍኩ። በዚህኛው የመጀመሪያው መስመር ላይ "የመስኮቱ ቦታ" የሚል አለ። አምስት መስመር ብቻ ነው፤ ለኔ ይህ እንደ ጾም ነው። የማኅተም ቀለሙን በሸሚዜ ኪስ አድርጌ በሚኒባስ አጋሮ ሄድኩ።

አዴን ያገኘኋት ቤቷ ደጃፍ ላይ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነው። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነበር፤ ለአንድ ምግብ ቤት ምስር ትለቅማለች። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስትሄድ እሷም ዱካዋን እያስጠጋች ተከትላት ትሄዳለች። በድምፄ ነው የለየችኝ።

"አካም ጋሼ! ደህና ነዎት? ከሱፉ ጋር ነው የመጡት?"

"ከሱፉ ጋር ነኝ።"

"ይሞቃል እኮ። ቁጭ ይበሉ።"

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት። ቀለሙን ከኪሴ አውጥቼ ስከፍት፣ አውራ ጣቷን በአራቱ ጣቶቿ ውስጥ ሸሸገችው፤ ልጆች የያዙትን ከረሜላ እንደሚደብቁት።

"ወላሂ ጋሼ፣ ደግ ሰው ነዎት። አልተቀየምኩዎትም። ጣቴን ግን አልሰጥም።"

"በዚህኛው ላይ መስኮት የሚል አለ አዴ። ይኸው፣ መጀመሪያው ላይ።" እንደምታነብ ሁሉ በጣቴ አሳየኋት።

"አሁን ደርሶ?" አለች። "መስኮቱ እኮ ተመታ። አልሰሙም?"

ክዳኑን ገጥሜ ቀለሙን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ከምስሩ እፍኝ ዘግኜ መልቀም ጀመርኩ። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ስለ ሥራ ክቡርነት የተናገርኩ ሰው ነኝ፤ ከምስር ውስጥ ጠጠር መለየት አልቻልኩም። ጨርሻለሁ ብዬ የሰጠኋትን ሰፌዱ ላይ ዘርግታ፣ ዓይኗን ሳይሆን ጣቷን አስኪዳ፣ ሦስት ጠጠር አወጣችና መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

"ይኼን አላዩትም?"

"አላየሁትም።"

"እሺ፣ ይህም ከዓይን አይቆጠርም" ብላ ሳቀች። ከመጋዘኑ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፀሐይዋ ግድግዳውን ጨርሳ ከጎረቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ ገባች። ሰፌዱ ላይ ግማሽ ምስር ቀርቷል። አዴ ለማየት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ፊቷ አስጠጋችው፣ ከዚያ በነጠላዋ ሸፍና አስቀመጠችው። የምግብ ቤቱ ሴትዮ ማምሻውን ሙሉውን ትፈልገዋለች፤ ካልደረሰ ከነገ ጀምሮ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላታለች። ይህን የነገረችኝ ተነስቼ ስሰናበታት ነው፣ የተቀመጥኩበትን ጊዜ ሁሉ ካቃጠልኩባት በኋላ።

ሚኒባሱ ውስጥ ክዳኑ በደንብ እንዳልገጠመ አወቅኩ። ቀለሙ በኪሴ ፈሶ ደረቴ ላይ ወርዷል። ቤት ስደርስ ሚስቴ አየችኝና ደነገጠች፤ ደም መስሏት ነው። ቀለም መሆኑን ስታውቅ ተናደደች።

"ሽንኩርቱስ?"

ረስቼዋለሁ። ሸሚዙን በሎሚም፣ በበረኪናም ሞከረችው፤ አለቀቀም። አሁን በረንዳው ላይ የምለብሰው እሱን ነው። ማመልከቻው አሻራ ሳያርፍበት መሳቢያዬ ውስጥ አለ።