ሽቦው እስኪሞት

ይህ የሆነው ባለፈው ሚያዝያ ለማትሪክ ስዘጋጅ ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያን ከሰዓት በኋላ ሳስበው ግን እስከ ዛሬ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ውቤ በረሃ፣ ከአክስቴ ከእትዬ አሰለፈች ቤት ጎን፣ አንድ የአናጢ ቤት ነበር። ሰጋቱራው እሳት ያዘው። እኔ ከጊዮርጊስ በኩል ስመጣ ጢሱን አየሁና ሮጥኩ። አክስቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ከአልጋ አትነሣም፤ ያን ሰዓት ደግሞ ብቻዋን ነበረች።

ስደርስ ቀበሌው በር ላይ የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ እንደ ደወል እየተደበደበ ነው። ጎረቤቱ ተሰልፎ ከቦኖው የተቀዳውን ውኃ በባልዲ ይቀባበላል። ሰልፉን የሚመሩት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ታምራት ናቸው፤ እንኳን ሲቆጡ ሲያስሉም የምንፈራቸው ሰው። እሳቱ ጣሪያ ሲይዝ ግን፣ "ከቀበሌ አቅም በላይ ነው፤ ለከፍተኛው ደውሉ!" አሉ። ከቀበሌው በላይ ያለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሰዎች መጥተው አዩና የከተማውን እሳት አደጋ አስጠሩ።

የእሳት አደጋው ኃላፊ ገና ወጣት ነው። ጓድ ታምራት አክስቴ ውስጥ መሆኗን፣ የመብራት ሽቦም ተበጥሶ በቆርቆሮ ጣሪያዋ ላይ መውደቁን ነገሩት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ "ከአሁን ጀምሮ የሚያዝዘው እሱ ነው፤ እኔንም ጭምር" አሉ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ወደ በሩ ስሮጥ ኃላፊው ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

"አክስቴ ናት!"

"ገብቶኛል። መብራቱ ተቆርጦ ሽቦው ሳይሞት በሩን ብትነካ የማወጣው ሁለት ሬሳ ነው። የመብራት ሰው የት አለ?"

የመብራት ሠራተኛው መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሟል። መንገድ እንዲዘጋ የታዘዘው አብዮት ጥበቃ "መታወቂያ!" ብሎ አላሳልፍም ብሎታል።

"ወንድሜ፣ እሳቱ ሲገባ መታወቂያ አሳይቶሃል?" አለው ሠራተኛው።

"አሳልፈው!" ብለው ጮኹ ጓድ ታምራት።

ሠራተኛው መሰላሉን አስደግፎ ምሰሶው ላይ ወጣ። ሽቦውን ከምሰሶው ላይ ቆረጠው። ከላይ እጁን አነሣ። ያኔ ኃላፊውም እጁን አነሣ። ውኃው ተለቀቀ፤ ቃሬዛ የያዙ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከውኃው ሥር ሮጠው ገቡ። ማንም ማንንም አልገፋም፤ ማንም ከማንም ቀድሞ አልተንቀሳቀሰም።

አክስቴ በቃሬዛው ላይ ሆና እያሳለች ወጣች።

"ነጠላዬስ? ሰዉ ሁሉ እያየኝ!"

"እትዬ፣ ዛሬ ሰዉ የሚያየው እሳቱን ነው፤ አይዞዎት!" አላት አንዱ ባለ ባልዲ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

አናጢ ቤቱ ወድሟል፤ የአክስቴም ቤት ግማሹ ተቃጥሎ አሁን ከእኛ ጋር ትኖራለች። የኃላፊውን ስም አላውቅም። ክንዴን ሲይዘኝ ከልቤ ጠልቼው ነበር። ማታ ከትምህርት ስመለስ አክስቴ ከአልጋዋ ሆና "መጣህ? በልተሃል?" ስትለኝ፣ ይህን ድምፅ ለእኔ ያተረፉት እነዚያ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች መሆናቸውን አስብና፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ትንሽ ቆሜ እሰማታለሁ።