በወይዘሮ ዘነበች ላም ላይ የተመታው ማህተም

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ወልቂጤ

ወደ እምድብር የሄድኩት ተልኬ አይደለም፤ ተናድጄ ነው። የምሠራበት የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ ለዚህ ጉዞ መኪናም አልሰጠኝም። ከዓመት ፈቃዴ ሁለት ቀን ወሰድኩና የወተት መመርመሪያውን ሰሃንና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ በፌስታል ጠቅልዬ መናኸሪያ ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ከአለቃዬ ጋር እምድብር አካባቢ ወዳለ መንደር ሄደን የወተት ናሙና ሰብስበን ነበር። ጥናቱ ስለ ላሞች ድብቅ የጡት በሽታ ነው። ላሟ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ደህና ትመስላለች፤ ጡቷ ውስጥ ግን በሽታ አለ። ሰውነቷ በሽታውን የሚዋጉ ሴሎች ወደ ጡቷ ይልካል፣ የወተቱም ይዘት ይለወጣል። እኛ የምንፈልገው ይህንን ለውጥ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ናሙና የሚወሰደው ከእያንዳንዷ ላም፣ ከአራቱም ጡት ለየብቻ ታልቦ ነው።

የመጨረሻው ቤት የወይዘሮ ዘነበች ነበር። ላሟ ጠዋት ታልባ ከደጃፉ መቶ እርምጃ በማይርቅ ሜዳ ላይ ትግጣለች። አለቃዬ ግን ወልቂጤ ላይ ምሳ የቀጠረው ሰው ስለነበር እስኪያመጧት መጠበቅ አልፈለገም። ጓዳ የተቀመጠውን ማሰሮ አየና "ከዚህ ቅዳ" አለኝ።

"ኧረ ይሄ የውጆ ነው!" አሉ ወይዘሮ ዘነበች። "የስድስት ቤት ወተት ነው።"

"ወተት ወተት ነው። ቅዳ" አለ አለቃዬ።

ቀዳሁ። ጠርሙሱ ላይ "ዘነበች" ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ውጆ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልከራከር፣ ከጎጃም መጥቼ ጉራጌ አገር ስኖር ስምንት ዓመቴ ነው። የአንዲት ላም ወተት ብቻውን ቅቤ እስኪሆን ብዙ ያስጠብቃል። ስለዚህ ሴቶቹ ተሰባስበው ወተታቸውን ተራ ለደረሳት ሴት ያስገባሉ፤ እሷ ንጣ ቅቤዋን ታወጣለች፣ ከዚያ ተራው ለሌላዋ ይሆናል። ይህን እያወቅኩ ነው የቀዳሁት።

ባለፈው ሰኞ እምድብር የሚያስተምር ጓደኛዬ ደወለልኝ። "የወይዘሮ ዘነበች ላም የጡት በሽታ አለባት" የሚል ማህተም ያለው ወረቀት መንደሩ ደርሷል። ሴትየዋን ከውጆ አስወጥተዋቸዋል፤ ላሟንም ዓርብ ለሥጋ ሊሸጧት ነው። ስልኩን ዘግቼ የፈቃድ ቅጽ ሞላሁ።

ሦስት ሰዓት፣ በጉብሬ በኩል

ሚኒባሱ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። የነሐሴ ዝናብ መስኮቱን ሲመታው ጎኔ የተቀመጡ አንዲት የቅቤ ነጋዴ ፌስታሌን በዓይናቸው መረመሩት።

"ሰሃኑ ለክትፎ ነው?"

"የላም ጡት በሽታ የሚመረመርበት ነው።"

"እሰይ! መድኃኒቱስ?"

"መድኃኒት አልያዝኩም።"

"እንዲያማ ከሆነ ባዶ ሰሃን ይዘህ ሰርግ ቤት እንደ መሄድ ነው" አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

እምድብር ስንደርስ ዝናቡ አባርቷል። አንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ ቆጮ በጎመን ቀማመስኩና አስፋልቱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ ጭቃው ለእግርም አይመችም። አንድ ሰዓት ያህል በእንሰቱ መሀል ከተጓዝኩ በኋላ ጀፎሩ ላይ ወጣሁ፤ ግራና ቀኝ ቤቶች የተሰለፉበት፣ ላሞች የሚግጡበት ሰፊ ሣራማ መንገድ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ አደንቀው ነበር።

ስድስት ሰዓት፣ ጀፎሩ ላይ

ወይዘሮ ዘነበች ደጃቸው ላይ ነበሩ። ላሟ አጥሩ ሥር ታስራ ነበር።

"ጤና ይስጥልኝ እማማ።"

"አንተ ነህ?" አሉኝ። "ያን ጊዜ ነግሬህ ነበር።"

"ነግረውኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዱካ አውጥተው አስቀመጡኝና ነገሩን ነገሩኝ። ወረቀቱ በሴቶቹ ፊት ተነበበ። የውጆው ሰብሳቢ ወይዘሮ ወርቄ "ወተትሽን እንዳትቀላቅይብን" አሏቸው። የወይዘሮ ዘነበች ተራ ደግሞ ልክ ከመስቀል በፊት ነበር።

"ለሌላው ሳስገባ ከርሜ ተራዬ ሲደርስ ወጣሁ። ልጆቼ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ክትፎውን በምን ልለውስላቸው? በውሃ?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የወረቀት ወለምታማ ይብሳል፤ ቅቤውንም ይዞ ይሄዳል።

ላሟን ከአራቱም ጡት በሰሃኑ ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ አለብኳት፤ ፈሳሹን ጨመርኩና ሰሃኑን አዟዟርኩት። በሽታ ካለ ወተቱ ይወፍራል። ምንም አልሆነም፤ አራቱም እንደ ውሃ ቀጥነው ቀሩ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር። የውጆውን የሌሎቹን አራት ቤቶች ላሞችም አምጥተው አስመረመሩኝ፤ አራቱም ደህና ነበሩ። በመጨረሻ የወይዘሮ ወርቄ ልጅ ስድስተኛዋን፣ የእናቱን ላም አመጣት። የወይዘሮ ወርቄ ላም የኋላ ግራ ጡት ወተት ግን እንደ ተልባ ተዝለገለገ፤ ማሰሮው ውስጥ ያገኘነው በሽታ ከእሷ የመጣ ነው ማለት ነው።

"ማርያምን! ላሜ ደህና ናት" አሉ ወይዘሮ ወርቄ። "ትበላለች፣ ትጠጣለች!"

"የዘነበችም ትበላ ነበር" አለች አንዲት ሴት። "እንግዲህ እሷም ትውጣ።"

"ማንም አይወጣም!" ወይዘሮ ዘነበች ድምፃቸው ከፍ አለ። ፊታቸውን ያዞሩት ግን ወደ ሴቶቹ ሳይሆን ወደ እኔ ነበር። "አንተ፣ በሽታ ትፈልጋላችሁ፣ ታገኛላችሁ። ከዚያስ? ወረቀት እንጂ መድኃኒት ልካችሁ ታውቃላችሁ?"

የቅቤ ነጋዴዋ ቀድመው ነግረውኝ ነበር። እምድብር ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በስልክ ለመንኩት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሞተር መጥቶ የወይዘሮ ወርቄን ላም አከማት። ሕክምናው አልቆ እሱ የቆጠረላቸው ቀናት እስኪያልፉ ወተቷ እንደማይጠጣና ወደ ማሰሮው እንደማይገባ ነገራቸው።

ወይዘሮ ወርቄ የላማቸውን ገመድ ከልጃቸው ተቀበሉና "ተራሽን ውሰጂ ዘነቡ" አሉ። "እኔ ግን ምን አስገባለሁ?"

"ስትድን ታስገቢያለሽ። ውጆው በወረቀት አይፈርስም።" ወይዘሮ ዘነበች ይህን ብለው የራሳቸውን ላም ከአጥሩ ፈቷት። ሲሸኙኝ ግን እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። "ልጄ፣ ያኛው ወረቀት ማህተም ነበረው። ዛሬ ያየነውን ነገ ሌላ ሰው ያወራዋል። ማህተም ያለው አምጣልኝ።"

"አመጣለሁ" አልኩ።

ዓርብ፣ ወልቂጤ

ማታውን እምድብር ጓደኛዬ ቤት አድሬ ጠዋት ተመለስኩ። ጭቃዬን ሳላራግፍ አለቃዬ ቢሮ ገባሁና የማረሚያውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት፤ "የወይዘሮ ዘነበች ላም ጤነኛ ናት፤ ስህተቱ ናሙናውን የወሰድነው የእኛ ነው" ይላል።

"ሪፖርቱ ገብቷል" አለ። "አንዲት ላም ጥናቱን አትለውጥም።"

"የሴትየዋን መስቀል ግን ለውጣለች።"

"የሌላ ሰው ወተት ከነበረበት መናገር ነበረባት።"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው! "ነግራናለች! ወተት ወተት ነው ያልከው አንተ ነህ፤ የቀዳሁት ደግሞ እኔ።"

አለቃዬ ወሬ ለመለወጥ የሰኞውን የመስክ ዝርዝር አወጣ። ቡታጅራ አድረን እስከ ቡኢ ድረስ ናሙና እንሰበስባለን፤ ሰሃኑን የሚያነብ ከእኔ ሌላ የለም።

"ይሄ ደብዳቤ ማህተም ሳይመታበት ቡታጅራ አልሄድም" አልኩት። "ከሄድኩም ከማሰሮ አልቀዳም፤ ላሟ እስክትመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ። መድኃኒት የሚሰጥ ባለሙያም አብሮን ይሄዳል።"

መሳቢያውን በንዴት ሳበና ማህተሙን አውጥቶ ሳያይ ደብዳቤው ላይ መታው። ደብዳቤውን በእምድብር ሚኒባስ ለጓደኛዬ ላክሁት፤ በሴቶቹ ፊት እንዲያነበው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ከመጽሐፍ የምማረው አልነበረም፤ ሲነግሩኝ መስማት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ማህተሙ ተገልብጦ ነው ያረፈው። በሽታ አለባት ያለው ወረቀት ላይ ግን ቀጥ ብሎ ነበር የተመታው።