የቆረጥኳት ሦስተኛ እግር

ያላደረግሁትን አደረግህ ብለው ሰባት ወር አሰሩኝ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለችው ሱቄ ውስጥ ሽቦና የተፈታታ ዕቃ አገኙ፣ ፖለቲካ ጨመሩበት፣ ቦንብ ሠሪ አሉኝ። ማንበብ አልችልም ነበር፤ አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ። አልረሳውም። የማፍረው ግን በሌላ ነው።

የታሰርንባት ክፍል ሽንትና እርጥብ ብርድ ልብስ ትሸታለች። አጠገቤ የሚተኛው የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ ነበር፤ በጻፈው ነገር ነው ያመጡት። ቀን ቀን በብስኩት ካርቶን ላይ ፊደል ያስቆጥረኛል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ደም የሚያሽከረክር ማሽን ይዞኝ ነው ጋሼ። ያገለገለ ነው፣ ከመርካቶ የተገዛ። ሶኬቱ ሦስት እግር ነበረው፤ አንዷን ቆርጠዋታል። እሷ እኮ ናት ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የምታወርደው። እሷ ከሌለች ብረቱ ሁሉ ይነዝራል። እጄ ደግሞ እርጥብ ነበር።"

"የትኛው አህያ ነው የቆረጣት?" አለ ከጥግ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ያገለገለ የላብራቶሪ ዕቃ ከሚሸጡት አንዱ እኔ ነኝ። ገዢ "ሶኬቱ ግድግዳው ላይ አይገባም እኮ" ሲለኝ ሦስተኛዋን እግር በፒንሳ ቀንጠስ አድርጌ "ይኸው ገባ" እላለሁ። ተራው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ገመዱ ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ይመጣል፤ ማስታወቂያ መስሎኝ ልጬ እጥለዋለሁ። የእሱን ማሽን እኔ ልሽጠው ሌላ፣ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ፊደል ሲያሳየኝ ጣቶቹን ማየት አቃተኝ።

አንድ ጠዋት ፖሊሱ የውሃ ማፍያ ይዞ መጣ።

"አንተ ቦንብ ሠሪው! ይቺን የሶኬት እግር ቁረጥልኝ፣ አልገባ አለች። ለሚስትህ አስደውልሃለሁ።"

ፒንሳውን በፍርግርጉ አቀበለኝ። ሚስቴ በሕይወት መኖሬን እንኳ አታውቅም ነበር።

"አልቆርጥም" አልኩት። "ይነዝርሃል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አስቀይር።"

"ጥጋብ!" ብሎ ፒንሳውን መንጭቆኝ ሄደ። ስልኩም አብሮት ሄደ።

ወደ ላብራቶሪው ሰው ዞርኩ። "እኔም ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ያንተንም የቆረጥኩት እኔ ልሆን እችላለሁ።"

የብስኩት ካርቶኑን አጣጠፈ። "ስንቱን ቆርጠዋል ጋሼ?"

"አልቆጠርኩም።"

ያን ቀን ፊደል አላስቆጠረኝም። በማግስቱ ካርቶኑን ዘረጋ።

ዛሬ ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር (ግራውንድ) ያለው ሶኬት የሌለው ሰው ከእኔ ማሽን አይገዛም፤ ማስጠንቀቂያውንም በራሴ እጅ ጽፌ ገመዱ ላይ አስራለሁ። ድሮ የሸጥኳቸው የት የት እንዳሉ ግን አላውቅም። አሳሪዎቼ ይቅርታ እንኳ አልጠየቁኝም ብዬ ልራገም ስል፣ እነዚያ ማሽኖች ትዝ ይሉኝና አፌን እይዛለሁ። ፍርድ ቤቱ ነፃ ነህ ብሎ መዝገቤን የዘጋው ሰኔ አምስት ቀን ነው። የእነዚያ ማሽኖች መዝገብ ግን እስካሁን አልተዘጋም።