የጋሽ አምባዬ ቮልስ

ጋሽ አምባዬ ጎረቤቴ ናቸው፤ ልደታ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ አንድ ግቢ እንኖራለን። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ነው፦ ከሃያ ዓመት በላይ የቆመች ቮልሳቸውን ማከም። ድመት ወልዳባታለች፣ እኔም በርበሬ አስጥቼባታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያጥቧት ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር።

«ጋሼ፣ ሬሳ ያጥባሉ እንዴ?» እላቸዋለሁ። ፈገግ ብለው ጎማዋን ይወለውላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ዘይቷን ለወጡ፣ ካንዴላዋን ፈትተው አጸዱ፣ ባትሪ ከጎረቤት ተዋሱ። ከዚያ ገብተው ቁልፉን አዞሩ። አቃሰተች። ደግመው ቢያዞሩ አስነጠሳትና ዝም አለች። እኔ ልስቅ አፌን ስከፍት፣ ጥቁር ጭስ ለቀቀችና ተነሳች! የኩሽናዬ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። የግቢው ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አፉን ይዞ ቀረ። እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው ጠጅቱ፣ «በስመ አብ!» ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። ሄጄ ሞተሯ ያለበትን የኋላ ክዳኗን ብነካው ይሞቃል፤ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

ጋሼ ግን አልነዷትም። መሪዋን እንደያዙ ፊት ለፊት ያያሉ። እኔም ዞሬ አየሁ። በመኪናዋና በግቢው በር መካከል የኔ ኩሽና ተገትሯል። ከቆመች በኋላ እኔው ነኝ የሠራሁት፤ ማን ትነሳለች ብሎ!

ጋሼ ሊያጠፏት እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሲሰዱ ጮህኩ፦

«እንዳያጠፏት ጋሼ! መዶሻ ላምጣ።»