የሜክሲኮ በርበሬ ወፍጮ ቤት ሲገባ

ባለቤቴ ውጭ አገር ለሥልጠና ከርማ ስትመለስ ሁለት ነገር ይዛ መጣች። አንደኛው ቺሊ ስለሚባል የሥጋና የቦሎቄ ወጥ የማያልቅ ወሬ ነው። ሁለተኛው ለዚያ ወጥ የሚሆን የሜክሲኮ ቅመም ነበር፤ እሱን በፌስታል ጠቅልላ አሶሳ ለሚመጣ ሰው አስይዛ ላከችልኝ። እሷ የምትሠራው አዲስ አበባ፣ እኔ የማስተምረው እዚህ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ከሠርጋችን ጀምሮ ትዳራችን በስልክ ነው የኖረው። መሥሪያ ቤቷ አሶሳ ቅርንጫፍ ስላለው ዝውውር መጠየቅ ትችላለች። «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ ከተማውን አይቼ ቁርጡን እነግርሃለሁ» አለችኝ። እኔም ከተማው ብቻውን የሚያሳምናት ስላልመሰለኝ ቺሊ ልሠራላት ወሰንኩ።

ፌስታሉን ስፈታው ግራ ገባኝ። መዳፍ የሚያክል፣ የተጨማደደና የጠቆረ በርበሬ አለ። ጭስ ጭስ የሚሉ ትናንሽ ደረቅ ቃሪያዎች አሉ። ኖራ ኖራ የሚሸት የበቆሎ ዱቄትም አለ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስፓኒሽ ነው፤ ከእሱ የገባኝ ቁጥሩ ብቻ ነው።

አከራዬ የበርታ ሴት ናቸው፤ በግቢያቸው የሚሆነው ሁሉ ያገባቸዋል። ሰፌድ ይዘው መጡና ማንጎው ሥር ቁጭ ብለው በርበሬውን ይለቅሙ ጀመር። ጥሩውን ወደ ቀኝ፣ የተበላሸውን ወደ ግራ። ሲጨርሱ በቀኝ በኩል ምንም የለም።

«መምህር፣ ወላሂ ሁሉም ጥቁር ነው» አሉኝ። «ጥቁር በርበሬ እኛ እንጥላለን። ሚስትህ አንተን ጠልቷል እንዴ?»

«ዘሩ ነው እንጂ አልተበላሸም» አልኳቸው፣ እርግጠኛ ሳልሆን። ዱቄቱን በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱና ግድግዳ የሚቀባ ነገር ነው ብለው ፈረዱ። እኔም አልተከራከርኩም፤ ለዶሮዎቻቸው በተንነው። ዶሮዎቹ ቅሬታ አላቀረቡም።

ኔትወርክ ሲመለስ ቪዲዮ አየሁ። አንድ ሰውዬ በርበሬውን ምጣድ ላይ አመስ አመስ አድርጎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። በርበሬ ይዘፈዘፋል? እኔ ያደግሁበት ቤት በርበሬ ዝናብ ከነካው ለቅሶ ነበር። ለሰውየው ከልቤ አዘንኩለት፤ ስልኩን ዘጋሁና ሥራውን እንደ ወጉ ያዝኩት። ቅመሙን በጸሐይ አደረቅሁ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላና ኮረሪማ ጨመርኩበት፤ ከዚያ ይዤው ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን «ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ» እያልኩ የምጮኸው የኬሚስትሪ መምህር እኔ ነኝ።

በርበሬ የሚፈጨው ለብቻው ባለ ወፍጮ ነው። ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ሙሉ ማዳበሪያ አስፈጭተው ወጡ። ወፍጮው ጋ የቆመው ሰው የኔን ቋጠሮ በእጁ መዘነና ሣቀ።

«ይቺማ ማሽኑ ውስጥ ነው የምትቀረው። ከሰው ጋር ቀላቅላት።»

«የሜክሲኮ ናት እኮ! ለብቻዋ ትፈጭ» አልኩ።

ትከሻውን ነቅንቆ ጨመራት። ጥቁር የገባው ደማቅ ቀይ ሆኖ ወጣ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ቆዳው ጠቁሮ ውስጡ ቀለሙን ይዞ መቆየቱን በሳይንስ ለራሴ አስረዳሁ። ቤት ስደርስ አከራዬም ከመዳፌ ቀምሰው «ማሻአላህ፣ በሽታው ዳነ!» አሉ።

ቅዳሜ ከአውሮፕላን ማረፊያ በባጃጅ መጣን። ባለቤቴ መንገዱን፣ የቀርከሃ አጥሩን፣ ቤቴን እያየች ነው የመጣችው፤ ሙቀቱን እንኳ አላማረረችም። ድስቱን አወጣሁ። ሥጋው ለስልሷል፣ ቦሎቄው በስሏል። በትኩሱ አቀረብኩላትና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቀመስኩት እኔ ነኝ። ቀይ ወጥ ነው፤ ቦሎቄ የገባበት የዩኒቨርሲቲው ካፌ ቀይ ወጥ። የወፍጮው ሰው ያለኝ አሁን ገባኝ። የኔ ቅመም ወፍጮው ውስጥ ቀርቶ እኔ ከፊቴ ያስፈጩትን ሴትዮ በርበሬ ይዤ መጥቻለሁ። ሜክሲኮ ከእኔ ቀጥሎ በተራው የነበረ ሰው ቤት ገብታለች። ሣቄ መጣ፤ ስድቧን እየጠበቅሁ ቀና ብዬ አየኋት። የኔን ወጥ «ለውሻ ብትሰጠው ይከስሃል» የምትል ሴት ናት፤ በስልክ ምን እንደሠራሁ ስነግራት እንኳ አትምረኝም።

ዋጠችና አፏን በሶፍት ጠረገች።

«በጣም ይጣፍጣል» አለች። «ደክመሃል፤ እጅህ ይባረክ።»

«እዚያ የበላሽውን ይመስላል?»

«ቁርጥ እሱን።»

ደነገጥኩ። ብትሰድበኝ ኖሮ እቅፍ አድርጌ እስማት ነበር። እንዲህ የሚመሰገነው እንግዳ ሆነው የሄዱበት ቤት ነው። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት።

ስለ ወጡ እንዳልሆነ ገብቷታል። ድስቱን አየች፣ በሩን አየች።

«ዝውውሩን አልጠይቅም» አለች። «ሳልመጣም ወስኜ ነበር። በስልክ መንገር ከበደኝ።»

አፌ ላይ የመጣው «ወጡስ?» ብቻ ነበር።

«ወጡ ቀይ ወጥ ነው» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ደግሞ ጨው የለውም።»

ጨው አመጣሁላት። ነስንሳ ቀላቀለችውና ሁለታችንም እስኪያልቅ በላን፤ አፋችን እስከሞላ ድረስ ቀጥሎ ምን እንደምንሆን መነጋገር አይጠበቅብንም ነበር።