ስክሪኑ የሞተው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት ለልምምድ ቢሮዬ የመጣችው ራሔል ከኋላዬ ቆማ ስጽፍ ስታይ ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ለሰው የሚያስነብቡትን ፋይል ሲከፍቱ ከስሙ በፊት ሰረዝና ትልቁን የእንግሊዝኛ ፊደል አር የሚመቱት ለምንድን ነው?» አለችኝ። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ የጥብቅና ቢሮ አለኝ። የምጽፈውም ቪም በሚባል፣ ማውስ በማይፈልግና ትእዛዙ ሁሉ በፊደል በሚሰጥ ያረጀ የጽሑፍ ፕሮግራም ነው። «እንዲነበብ እንጂ እንዳይነካ ነው» አልኳት። እሷ ምሳዋን ልትበላ ወጣች። እኔ ግን ያቺን ፊደል የተማርኩበት ግንቦት ትዝ ብሎኝ ምሳዬን ረሳሁ።

ያኔ እዚሁ ጎንደር የሕግ ተማሪ ነበርኩ፤ የመጨረሻው ዓመት ላይ። የመጣሁት ከዳባት በላይ ካለች ብርዳም መንደር ነው። ዓይኔ በልጅነቴ ሲጠፋ ወላጆቼ ለዜማ ትምህርት ሰጡኝ፤ ከዚያ ነው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የገባሁት። በዚህ የተነሳ የዶርም ጓደኞቼ «መሪጌታ» ይሉኝ ነበር። ጾመ ድጓውን እንኳ እንዳልጨረስኩ ብነግራቸውም የሚሰማኝ አልነበረም።

ዓይኔ የነበረው ሙሉቀን ነው። የእንፍራንዝ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ደግ፣ ኪሱ የገብስ ቆሎ የማያጣ። አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ያነበበልኝ እሱ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌንም እኔ እየተናገርኩ በእጁ የጻፈልኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «የጻፍከውን እስቲ መልሰህ አንብብልኝ» ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር። ውለታ እንደዚህ ነው፤ አፍ ያስይዛል።

ጽሑፉ የሚያወራው ባሏ የሞተባትን ሴት መሬት ሽማግሌዎች በእርቅ ስም ለባሏ ወንድም ስለሚሰጡበት ልማድ ነበር። መደምደሚያው ላይ በእንግሊዝኛ ያስጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ «ይህ እርቅ አይደለም፤ ነጠቃ ነው» የሚል ነው። አንድ ቀን አማካሪዬ ረቂቁን አንብቦ አስጠራኝና አመሰገነኝ። «በተለይ ሚዛናዊነትህ ደስ ይላል» ብሎ መደምደሚያዬን አነበበልኝ፦ «እርቁ አንዳንድ ድክመቶች ይስተዋሉበታል።»

ያ የእኔ ዓረፍተ ነገር አልነበረም። ሆኖም «አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ ማመስገኔ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ያቺ ሴት እናቴ ናት። አባቴ በሞተ በዓመቱ ሽማግሌዎቹ ቤታችን ተቀምጠው ጠላችንን ጠጡና መሬታችንን ለአጎቴ መርቀው ሰጡት። እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔ ጥግ ተቀምጬ የሰማሁት የእሷን ዝምታ ነው። ያን ዝምታ በሕግ ቋንቋ ልናገርለት ነበር ያን ሁሉ ዓመት የለፋሁት፤ አሁን ደግሞ «አንዳንድ ድክመቶች» ሆኖ ቀረ።

ራሴ እጽፈዋለሁ አልኩ። ማስረከቢያው ሰኔ መጀመሪያ ነበር፤ አምስት ሳምንት ቀርቶኛል። ለሙሉቀን እውነቱን አልነገርኩትም፤ «ኮምፒውተር ልለማመድ ብዬ ነው» አልኩት። በማግስቱ የኮምፒውተር ክፍሉ ጠባቂ ወደ አያ ዘለቀ ሄድኩ። አያ ዘለቀ የአዘዞ ሰው ናቸው፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ድምፃቸው ጎርናና።

«አያ ዘለቀ፣ ኮምፒውተር ፈልጌ ነበር።»

«ሁሉም ተይዟል ልጄ። ጥጉ ላይ አንድ አለች፤ እሷም ስክሪኗ ሞቷል።»

«ለእኔ የሁሉም ስክሪን የሞተ ነው።»

እየሳቁ እጄን ይዘው ወሰዱኝ። ከእኔ በፊት የተመረቀ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ የሚናገር ፕሮግራም ጭኖባት ሄዶ ነበር። አፍንጫው የተደፈነ ፈረንጅ በሚመስል ድምፅ የምመታውን ፊደል ሁሉ ይጠራልኛል። ማንም ስለማይፈልጋት ከጠዋት እስከ ማታ የእኔ ሆነች።

ቪም ግን እንደ ሌላው አልነበረም። ሁለት ጠባይ አለው። በአንደኛው ፊደሉ ትእዛዝ ነው፤ በሁለተኛው ፊደሉ ፊደል ነው። የሚያይ ሰው የትኛው ላይ እንዳለ ከስክሪኑ ግርጌ ያነባል። እኔ በመጀመሪያው ቀን መግቢያዬን በሙሉ ትእዛዝ ላይ ሆኜ ጻፍኩት፤ ፕሮግራሙም እያንዳንዷን ፊደል እንደ ትእዛዝ እየተቀበለ ያለችኝን ጥቂት መስመር ቆራርጦ ጣላት። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። መላውን ያገኘሁት በጆሮዬ ነው፤ መውጫውን ቁልፍ ደጋግሜ ስመታው ጢው ካለ፣ ትእዛዝ ላይ ነኝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጢው ሳይለኝ አንዲት ፊደል አልመታሁም።

መመሪያውን አያ ዘለቀ ከወረቀት እያነበቡልኝ በቃሌ ያዝኩት። እንደ ዜማ ቤቱ ነበር፤ የትናንቱን ሳልወጣ የዛሬውን አልጀምርም። በተለይ ደስ ያሉኝ ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚሰጡት ትእዛዞች ናቸው። ከፋይሉ ስም በፊት የመደመር ምልክት ከመታሁ ትናንት ያቆምኩበት መጨረሻ ላይ ይከፍትልኛል። ምልክቱ ላይ ቁጥር ከጨመርኩ እዚያ መስመር ላይ ያደርሰኛል። ሰረዝና ትንሹ አር፣ ሳይቀመጥ የተቋረጠ ጽሑፍ ይመልሳል። ሰረዝና ትልቁ አር ለንባብ ብቻ ይከፍታል። አያ ዘለቀ እያንዳንዱን ስወጣው «ሸጋ!» ይሉኛል። የእሳቸው ሸጋ ከአማካሪዬ ምስጋና ይልቅ ያበረታኝ ነበር።

ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ መደምደሚያዬን እየጻፍኩ ሳለ ዝናቡ መጣ። የዓመቱ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ነበር፤ ቆርቆሮው ሲንኳኳ የፈረንጁ ድምፅ አይሰማም። ነጎድጓዱን ተከትሎ መብራት ሄደ። አላስቀመጥኩም ነበር። ሁለት ሰዓት ያህል የአቧራና የእርጥብ አፈር ሽታ እየሳብኩ ቁልፎቹ ላይ እጄን አድርጌ ተቀመጥኩ። መብራቱ ሲመጣ በትንሹ አር ከፈትኩት። ሁሉም ነበር፤ የጎደለው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግማሽ ብቻ ነው። «ነጠቃ» የምትለዋን ቃል እንደገና ጻፍኳት።

በማግስቱ አያ ዘለቀ ከሌላ ኮምፒውተር ስክሪን ነቅለው አመጡልኝ፤ ከመታተሙ በፊት የፊደል ግድፈት የሚያይልኝ ሰው ያስፈልግ ነበርና። ሙሉቀንን ጠራሁት። ወንበሩን ለቅቄለት ፋይሉን ግን በትልቁ አር ከፈትኩት። ሙሉቀን ቆሎውን እየቆረጠመ ማንበብ ጀመረ። መደምደሚያው ላይ ሲደርስ ቆሎው ቆመ። ከዚያ ቁልፍ ሲመታ ሰማሁ፤ አምስት ሳምንት ትእዛዞቹን ስደጋግም እየሰማ እሱም ተምሯቸዋል። ወዲያው ፈረንጁ ጮኸ፦ ማስጠንቀቂያ፣ ለንባብ ብቻ የተከፈተ ፋይል እየተቀየረ ነው።

«ሙሉቀን፣ እጅህን አንሳ።»

«አንዲት ቃል ናት እኮ፣ መሪጌታ።»

«የትኛዋ?»

«ነጠቃ የምትለዋ። ፈታኙ ሽምግልና ሲነካበት አይወድም፤ ውጤትህን ያበላሸዋል። ምነው እንዲህ ትከራለህ?»

«የእናቴ መሬት ነው።»

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። «አራት ዓመት አብረን ስንበላ ይህን አልነገርከኝም» አለ በመጨረሻ።

«አልነገርኩህም። አንተም ዓረፍተ ነገሬን መቀየርህን አልነገርከኝም።»

አያ ዘለቀ አንዴ ሳሉ። ሙሉቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሳላስቀምጥ የምወጣው እንዴት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ አልኩት። መታና ከፋይሉ ወጣ።

ጽሑፌን ሳቀርብ ፈታኙ እንደተፈራው ቃሏን አልወደዳትም። «ይህን ያህል መድፈር ከየት መጣ?» አለኝ በሰው ፊት። ለግማሽ ሰዓት ተከራከርኩ፤ የራሴ ቃል ስለነበረች አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ከጠበቅኩት ያነሰ ውጤት ሰጠኝ። ሙሉቀን ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ስወጣ ክንዴን ይዞ እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኝ። ክረምቱን አገር ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። «ስሜን አልጻፍክማ?» አለች። አልጻፍኩም ስላት፣ «ሸጋ አደረግህ» አለችኝ። መሬቷ ሳይመለስላት አረፈች። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ይህን ሁሉ ለራሔል ተረኩላት፤ ትንሽ ጎረርኩም ማለት ይቻላል። ትናንት ደግሞ ከገጠር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። ታሪኳን ነገረችኝ፤ እኔ እየሰማሁ ጻፍኩ፤ ስጨርስ አነበብኩላት፦ «በይዞታው ላይ አለመግባባት ተፈጥሯል።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ስትል ሰማሁ። «እኔ እንዲህ አላልኩም፣ ጌታዬ» አለች። «ነጠቁኝ ነው ያልኩ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሙሉቀንን ስወቅስ የራሴን እጅ አላየሁትም ነበር። እኔ በአማካሪዬ ፊት ያልደፈርኩትን እሷ በእኔ ፊት ደፈረች፤ አፈርኩ፣ ደስም አለኝ። መስመሩን አጠፋሁና፣ «እናቴ፣ እንደገና ይበሉልኝ» አልኳት። እሷም አለች፤ እኔም እንዳለችው ጻፍኩት።