እስከ ሦስተኛው በር

በሰው አገር፣ ቻምብሊ ሰፈር ያለው ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ የጥጥ ጓንት፣ ለስላሳ ብሩሽና ላጲስ ሰጡኝ። ሥራው አሮጌ ፎቶ አጽድቶ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው። «ክሊን ካልሆነ ስካን እንዳታደርጊ» አሉኝ። ሚድታውን ሆቴል ሳጸዳ ለኖርኩት ለእኔ ይህን መንገር አያስፈልግም ነበር። እድፍ ካየሁ እጄ አያርፍም።

አሥራ ስድስት ዓመት ሠራሁ። የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ውሻ ሳጸዳ ዓይኔም ወገቤም አለቀ። ከዚያ ሁሉ የማልረሳው አንድ ፎቶ ነው።

ሚስ ሮዝ ብሩክሄቨን ሰፈር የሚኖሩ እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው። የተወለዱባትን የባሕር ዳር መንደር ታሪክ በመጽሐፍ ሊያሳትሙ ፎቶዎች ይዘው መጡ። እያንዳንዱን እያነሱ አስረዱኝ፤ ጀልባ ጠጠሩ ላይ የሚጎትቱ ወንዶች፣ ዓሣ በጨው በርሜል የሚያሽጉ ሴቶች። «ዛሬ መንደሩ የበጋ እንግዶች ነው። ብርድ ሲገባ መብራት የሚታየው በጥቂት ቤት ነው» አሉኝ። ሥራ ስለበዛብኝ በግማሽ ጆሮ ነበር የማዳምጣቸው።

አንዱ ፎቶ ላይ በረድፍ የተሠሩ ቤቶች አሉ። ግድግዳቸው ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን የእርሳስ መስመር ነበር። ልጅ የጫረው መስሎኝ በላጲስ አጠፋሁት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው።

ሚስ ሮዝ ሊወስዱ ሲመጡ ፎቶውን አተኩረው አዩት። «መስመሩስ?»

«አጸዳሁልዎት» አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባሕሩ መንደሩን ያጥለቀለቀ ጊዜ ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ፎቶው ላይ በእርሳስ ያሰመሩት እናታቸው እንደነበሩ ነገሩኝ። አባታቸው ያኔ እቤታቸው ውስጥ ነው የሰመጡት። ያ የቤት ረድፍ ኋላ ፈረሰ። ምልክቱ የቀረው ፎቶው ላይ ብቻ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ታደሰ ወደ ኋላ ክፍል ጠሩኝ። «ስሚ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፊክስ አድርጊው። አንድ መስመር እኮ ነው፤ ሴትዮዋ ኖቲስ አያደርጉም።»

«ውሃው የት እንደደረሰ እኔ በምን አውቄ ጋሽ ታደሰ?»

«እንግዲያው አንቺው ተወጪው» ብለው ሄዱ።

የክፍሉን መብራት አጥፍቼ የጠረጴዛውን መብራት ፎቶው ላይ በጎን አበራሁ። እርሳስ ሲጫኑት ወረቀት ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይተዋል፤ ላጲስ ጥቁረቱን ቢያነሳም ጉድጓዱን ሁልጊዜ አያጠፋውም። በማጉያ መነጽር ከግራ ወደ ቀኝ ተከተልኩት። መሐል ላይ ጠፋብኝ። አጥብቄ ያሸሁት እዚያ ጋ ነበር።

ወደ ሚስ ሮዝ ተመልሼ «እስከ ሦስተኛው በር ይታያል» አልኳቸው።

«የእኛ አራተኛው ነበር» አሉ።

«ቀጥ አድርጌ ላስቀጥለው?»

«ተይው። ያ የእናቴ እጅ አይደለም።»

ጉድጓዱን እየተከተልኩ እስከሚታይበት ድረስ ብቻ መስመሩን ኮምፒውተሩ ላይ መለስኩት። መጽሐፉ ሲወጣ አንድ ቅጂ ላኩልኝ። መስመሩ ሦስተኛው በር ላይ ያቆማል።

ፎቶ ላይ የእርሳስ ምልክት ስታዩ ላጲሱን አስቀምጡና የፎቶውን ባለቤት ጠይቁ።